የመንፈስ ብርሃን ፍለጋ በልብ ወለድ ታሪክ



የመንፈስን ብርሃን መፈለግ ሲባል፥ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ቤቱንና ሀብቱን ጥሎ የመነነ ሰው ነው። ደራስያንም ስለዚህ መንገድ ደጋግመው ጽፈዋል። በጀርመን አገር የተወለደው ሔርማን ሔሰ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም. ባሳተመው «ሲድሃርታ» በተባለው መጽሐፉ፥ አንድ የብራህማን ልጅ ከአባቱ ቤት ወጥቶ፥ በጾም ተጐሳቍሎ፥ ከቡድሃም ፊት ቀርቦ፥ በመጨረሻ የፈለገውን በአንድ ወንዝ ዳር እንዳገኘ ይተርካል።

ዳሩ ግን ቤተ ሰብና የመንግሥት ሥራ የያዘው ሰው ምን ይሁን? መዝገቡን ዘግቶ ለመመነን አይችልም። እንግዲህ ለእርሱ የተጻፈ የሚመስለው፥ የሩሲያው ደራሲ ሊዮ ቶልስቶይ በ1886 ያወጣው «የኢቫን ኢሊች ሞት» የተባለው ታሪክ ነው። ቶልስቶይ ራሱ ዕድሜው ወደ አምሳ ሲጠጋ፥ ሀብትም ዝናም ሳይጐድለው፥ የመኖሩ ትርጕም ጠፍቶበት እጅግ ተጨንቆ ነበር፤ ይህንንም «ኑዛዜ» በተባለው ጽሑፉ ገልጦታል።

ኢቫን ኢሊች ክፉ ሰው አይደለም። የፍርድ ቤት ባለሥልጣን ነው፤ ጉቦ አይበላም፤ ሥራውንም በደንቡ ይፈጽማል። አዲስ ቤቱን ሲያስጌጥ ግን መጋረጃው እንዴት እንደሚሰቀል ለሠራተኛው ለማሳየት መሰላል ላይ ይወጣና ተንሸራቶ ጐኑን ይመታል። ሕመሙ እየባሰ ሄደ። ከሐኪሙ ዘንድ በቀረበ ጊዜ፥ ራሱ በችሎት ለተከሳሾች የሚያሳየውን ያን ኩሩና ቀዝቃዛ ፊት በሐኪሙ ላይ አየው።

ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን በተማሪነቱ ተምሮ ነበር፤ ይህ ዕውቀት ግን አላጽናናውም። ቤተ ዘመዱና ሐኪሞቹ በሽታው እንደሚድን አድርገው ይሸነግሉታል። የማይዋሸው ጌራሲም የተባለው የገጠር ልጅ፥ የቤቱ አሽከር ብቻ ነው፤ ሌሊት እግሮቹን ደግፎ ይዞ ያስታምመዋል። በዚህ ጊዜ ኢቫን ኢሊች፥ ኑሮዬ ሁሉ ስሕተት ቢሆንስ ብሎ ራሱን መጠየቅ ጀመረ። ሦስት ቀን ከጮኸ በኋላ፥ እጁ በተማሪው ልጁ ራስ ላይ ዐረፈ። ልጁም እጁን ስሞ አለቀሰ። ያን ጊዜ አባት ለራሱ ማዘኑን ትቶ ለልጁና ለሚስቱ አዘነላቸው፤ የሞት ፍርሃት ጠፋ፥ በምትኩም ብርሃን ሆነ።

ልብ በሉ፤ ብርሃኑ የመጣው በምርምር አይደለም፥ ለሌላው በመራራት ነው።

ቶልስቶይ ታሪኩን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። የሟቹ ባልደረቦች የሞቱን ዜና በሰሙ ጊዜ፥ ቀድሞ ወደ ልባቸው የመጣው ሐዘን ሳይሆን የሹመቱና የዝውውሩ ነገር ነበረ። ይህን ስናነብ ፈገግ እንላለን፤ ነገር ግን ራሳችንን ስንመረምር ፈገግታው ይጠፋል። ስለዚህ ነገ ጧት ባለጉዳይ ከጠረጴዛችን ፊት ሲቆም፥ መዝገቡን ከመግለጣችን በፊት ፊቱን እንመልከት። ኢቫን ኢሊች ይህን የተማረው ሊሞት ሲል ነው፤ ለእኛ ግን ገና ጊዜ አለን።