ጥብቅና ለወገብ መርፌ

ባለፈው ክረምት በቀጠሮ በኦፕራሲዮን የወለደች አንዲት እናት እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣችም። ቀዶ ሕክምናው ያለ አንዳች ችግር አልቆ በሦስተኛው ቀን ቤቷ ገባች። ገንፎው ተገንፍቶ፣ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ሳይጨርስ ራሷን ያማት ጀመር። እናቷ «የወገብ መርፌው ነው» አሉ፤ ለቀዶው በወገቧ የተሰጣትን ማደንዘዣ ማለታቸው ነው። አክስቷም፣ ሊጠይቁ የመጡትም ያንኑ ደገሙ። ባሏ ሰፈር ካለው ፋርማሲ ጎራ ቢል «በጀርባዋ ተወግታ ነበር? እንግዲያው የሱ ነው፣ ይለቃታል» ተብሎ ፓራሲታሞል ይዞ ተመለሰ። በማግሥቱ ዓይኔን ብዥ አለብኝ አለች። ሲያመጧት የደም ግፊቷ 170 በ110 ነበር፤ ከወሊድ በኋላም የሚመጣው የእርግዝና ግፊት ነው። ማግኒዥየም ሰልፌት ተጀመረላት፣ ግፊቷ ወረደ፣ ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር ተደረሰላት።

የሚያብከነክነኝ ያ ሁሉ ሰው፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ ገና ሳይጠይቅ መልሱን በእጁ ይዞ መገኘቱ ነው። የሚያሳብቡበት መርፌ ባይኖር ኖሮ አንድ ሰው እንኳ «እስቲ ግፊቷ ይለካ» ማለቱ አይቀርም ነበር።

የሰመመን ባለሙያ ነኝ። የቀጠሮ ኦፕራሲዮን ያላት እናት ከማህፀን ሐኪሟ ጋር ወራት ታሳልፋለች፤ እኔን የምታገኘኝ ግን ወይ በዋዜማው ነው፣ ወይ በዕለቱ ጠዋት ጋውን ለብሳ ኮሪደር ላይ። በዚያች አጭር ጊዜ ስለ አስሟ፣ ስለ አለርጂዋ፣ ስለሚነቃነቅ ጥርሷ ልጠይቃት እፈልጋለሁ። እሷ ይዛ የምትመጣው ግን አንድ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ ወገቤን እንዳትነኩኝ፤ አስተኝታችሁ ሥሩኝ።» ዶክተር አለመሆኔን ለማስረዳት ጊዜ የለኝም፤ ወደ ወገቡ እንገባለን።

ወሬው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኦፕራሲዮን የሚወለደውን ሕፃን በሀገር ደረጃ ከመቶ 2 ገደማ፣ በአዲስ አበባ ግን ከመቶ ከ20 በላይ አድርጎት ነበር። እንግዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ በወገቧ የተወጋች እህት፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ ወይም ጎረቤት የሌላት ነፍሰ ጡር ማግኘት ያዳግታል። ከነዚያ መካከል ደግሞ ወገቧን የሚያማት አትጠፋም። «ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕቃ ማንሳት አልቻልኩም» ትላለች። ሰሚዋም ታምናለች፤ ምክንያቱም ሕመሙ እውነት ነው፣ መርፌውም እውነት ነው።

ከነፍሰ ጡሮች ግማሽ ያህሉን ገና ሳይወልዱ ወገባቸውን ያማቸዋል። ሆድ ወደ ፊት ሲገፋ ወገብ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ መጋጠሚያዎችን የሚያጠብቁት ጅማቶች በእርግዝና ሆርሞን ይላላሉ፣ የሆድ ጡንቻ ይሳሳል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ መሐሉ የሰረጎደ ፍራሽ ላይ አጎንብሳ በሌሊት ደጋግማ ታጠባለች፣ ሳትጠነክር ባልዲ ታነሳለች፣ ሕፃኑን ታዝላለች። ይህ ሁሉ በምጥ የወለደችውንም አይምራትም። በምጥ ጊዜ በወገባቸው ማደንዘዣ የወሰዱና ያልወሰዱ እናቶች ቆየት ብለው ሲጠየቁ በወገብ ሕመማቸው ልዩነት እንዳልተገኘ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። የተወጋው ቦታ ለጥቂት ቀን ይጠዘጥዝ ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈውን ዕዳ ግን መርፌው ላይ መጫን ግፍ ነው። ወልዶ የማያውቅ፣ በጀርባው መርፌ ገብቶበት የማያውቅ የከባድ መኪና ሹፌርም ወገቡን ያመዋል፤ እሱ ማንን እንደሚከስ አላውቅም።

ሽባ እሆናለሁ የሚለው ፍርሃት ከወገብ ሕመሙም ይብሳል። ኅብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው የሚያበቃው አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ነው። እኛ የምንወጋው ከዚያ በታች፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ነው። እዚያ ያሉት በፈሳሽ ውስጥ የተንጠለጠሉ የነርቭ ክሮች ናቸው፤ ቀጭን መርፌ ሲመጣባቸው ገሸሽ ይላሉ። ጭራሽ ጉዳት አይደርስም ብዬ አልምልም። ዘላቂ ጉዳት ግን እጅግ ብርቅ ነው፤ ደም የማይረጋላትን፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስደውን ወይም የሚወጋው ቦታ ላይ ቁስል ያለባትን ቀድመን የምንለየውም ለዚህ ነው።

በር ተዘግቶ የሚሆነው ይህን ያህል ነው። እናት ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ እግሯ በርጩማ ላይ ያርፋል፣ ትራስ አቅፋ አገጯን ወደ ደረቷ ታስጠጋለች። አዋላጇ ፊት ለፊቷ ቆማ ትከሻዋን ትይዝላታለች። እኔ የዳሌዋን አጥንት ጫፍ ከግራና ከቀኝ ዳብሼ ቦታውን አገኛለሁ። ጀርባዋ በቀዝቃዛው መድኃኒት ሲጠረግ ብዙዋ እናት ክው ትላለች፤ ገና መርፌ አልወጣም። ከዚያ የሚገባው መርፌ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው። ኩልል ያለ ፈሳሽ ጠብ ሲል ሁለት ሚሊ ሊትር ገደማ ቡፒቫኬይን እሰጣለሁ፣ አበቃ። «ገባ እንዴ?» ይላሉ። ወዲያው «እግሬን ሞቀኝ» ይላሉ፤ ያኔ ልቤ ያርፋል።

ሰው ያልነገራትን ነገር ቢነግራት የምመኘው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ግፊቷ ዝቅ ሲል ሊያቅለሸልሻት ይችላል፤ ወዲያው ትንገረን፣ መድኃኒቱ እጃችን ላይ ነው። ጥርሷ እስኪንቀጫቀጭ ልትንዘፈዘፍ ትችላለች። ድንዛዜው ደረቷ ሥር ሲደርስ ትንፋሽ ያጠራት ሊመስላት ይችላል፤ የምትናገርና እጄን የምትጨብጥ ከሆነ እየተነፈሰች ነው። «ስትቀዱኝ ልሰማ ነው?» ለሚሉኝ፣ ቀዶው ከመጀመሩ በፊት በአልኮል የራሰ ጥጥ ከእግር እስከ ደረት እያስነካሁ ቅዝቃዜው የት ላይ እንደሚጀምር እጠይቃለሁ። መነካቱ፣ መጎተቱ፣ ሕፃኑ ሲወጣ ሆድ መጫኑ ይታወቃል። ስለቱ አይታወቅም። ካመማት ደግሞ ጥርሷን ነክሳ እንድትችለው ማንም አልጠየቃትም።

ራስ ምታቱን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1898 ኪል በምትባለው የጀርመን ከተማ አውጉስት ቢየር የተባለ ቀዶ ሐኪም ይህን ማደንዘዣ በሕሙማን ላይ ከተጠቀመ በኋላ ከረዳቱ ከሂልደብራንት ጋር አንዳቸው በሌላው ላይ ሊሞክሩት ተነሡ። ቢየር ላይ ሲሞከር ሲሪንጁ ከመርፌው አልገጥም ብሎ ብዙ ፈሳሽ ፈሰሰበት። ከዚያ ለቀናት ቀና ባለ ቁጥር ራሱን እያመመው፣ ሲጋደም እየተሻለው አልጋ ያዘ። የበሽታው ጠባይ ዛሬም ያው ነው፦ ስትቀመጥ ይነሣል፣ ስትተኛ ይረግባል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሥራ በአብዛኛው መርፌውን ማቅጠንና ጫፉን ማስተካከል ነው። ፔንስል ፖይንት የሚባለው፣ ሽፋኑን ሳይቆርጥ ገለጥ አድርጎ የሚገባው መርፌ ራስ ምታቱን በጣም ቀንሶታል። የሚቆርጠው ዓይነትም ዛሬ ድረስ ሥራ ላይ ነው፤ የትኛው እጃችን እንደሚገባ ከእኛ ይልቅ ግዥ ክፍል ያውቃል። ራስ ምታቱ ሲመጣ ማስታገሻ፣ ፈሳሽ፣ ለአንዳንዷም ቡና ይረዳታል። ለጠናበት ደግሞ ከክንዷ ደም ወስደን ፈሳሹ የሚያፈስበት ቀዳዳ አጠገብ እንሰጣታለን። አዎ፣ ፍቱኑ መድኃኒት ሌላ የወገብ መርፌ ነው። ይህን ለሕሙማን ስነግር የሚያዩኝን አስተያየት ለምጄዋለሁ።

ጋደም ብትልም የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን የሚያደበዝዝ፣ ከጎድን ሥር ሕመም ያለበት፣ ትኩሳት ወይም አንገት መገተር የታከለበት፣ የመርፌ ነው ተብሎ ቤት የሚያስቀምጡት አይደለም። የእርግዝና ግፊት ከወለዱ በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት ሊመጣ ይችላል፤ በእርግዝናዋ ግፊት የማታውቀውንም ይይዛል። የግፊት መለኪያ በየጤና ጣቢያው አለ።

«አስተኙኝ» የምትለኝ እናት አንድ ነገር አልተነገራትም፤ ከሁለቱ ማደንዘዣዎች እኔን የሚያስፈራኝ እሷ የመረጠችው ነው። የነፍሰ ጡር ጨጓራ ወደ ላይ ተገፍቷል፣ በሩም ላልቷል፤ ስትተኛ ያለው ነገር ወደ ሳንባዋ ሊወርድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1946 ኩርቲስ ሜንደልሰን የተባለ የኒውዮርክ የማህፀን ሐኪም ከ44,016 ወላዶች መካከል 66ቱ በሰመመን ሳሉ ይህ እንደደረሰባቸው ጽፎ ነው ነገሩን ዓለም የያዘው። ጉሮሮዋ በእርግዝና ያብጣልና ቱቦ ማስገባቱ ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብዳል፤ ኦክስጅኗም ቶሎ ይወርዳል። መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑም ያልፋል። ማስተኛት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ደም በብዛት ሲፈስ፣ ደሟ የማይረጋ ሲሆን፣ ደቂቃ ሲቆጠር። ያኔ አስተኛለሁ፣ ለዚያም ሠልጥኛለሁ። በሰላሙ ቀን፣ ጤነኛ እናት፣ ጎረቤቷ ወገቧን ስላመማት ብቻ ወደዚያ ስትሄድ ግን ዝም ብዬ ማየት ያቅተኛል። አብራርቼላት አሁንም እምቢ ካለች ሰውነቱ የእሷ ነው፣ ውሳኔዋን አከብራለሁ። ብዙዎቹ ግን እስኪጨርሱ ከሰማኋቸው «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» ይላሉ።

ሕሙማን ላይ ብቻ ብፈርድ ደግሞ አግባብ አይሆንም። ወሬውን የምናቆየው እኛው ነን። በየዋርዱ «ስፓይናል (የወገብ መርፌ) የተሰጣት ለ24 ሰዓት ትራስ አታድርግ፣ ቀና አትበል» የሚባለው ትእዛዝ አሁንም በሕይወት አለ። ተንጋሎ መተኛት ራስ ምታቱን እንደማይከላከል ከተጠና ቆየ። ከመጣ በኋላ ጋደም ማለት ያስታግሳል እንጂ አስቀድሞ መተኛት አያስቀረውም። ጉዳቱ ግን ብዙ ነው፤ እርግዝናና ቀዶ ሕክምና ተደራርበው ለእግር ደም መርጋት ባጋለጧት ሴት ላይ አለመንቀሳቀስን እንጨምርባታለን፣ ሕፃኑንም ጣሪያ እያየች ለማጥባት ትታገላለች። አንዲት ወጣት ነርስ ይህን ስነግራት «እሺ፣ ግን ሲስተሮቹ ይቆጡኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይቆጣሉ። እናት ትራስ ተከልክላ በተንጋለለች ቁጥር ግን የምትማረው አንድ ነገር ነው፦ የተወጋችው መርፌ አስፈሪ መሆኑን። ቤቷ ይዛው ትሄዳለች፣ ለሚቀጥለዋ ነፍሰ ጡር ታወርሳለች። እግሯን ማዘዝ ስትችል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለት ነው፣ ትራስ ይሰጣት፤ ግፊቷ ታይቶ፣ ሰው ደግፏት ትነሣ።

ለቀጠሮ ኦፕራሲዮን ከሚደረገው ዝግጅት ሌላው ቀላል ነው፦ ጥፍር ቀለም ማስለቀቅ፣ ቀለበት ቤት ማስቀመጥ፣ የደም ዓይነት ወረቀት መያዝ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሳይደብቁ መናገር። ከቀዶው በፊት ባለው ጾም ላይ ግን ሁለት ዓይነት ስሕተት አያለሁ። አንዷ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ከንፈሯ ደርቆ ትመጣለች። ሌላዋ ጉልበት እንዲሆናት ተብሎ ጎሕ ሲቀድ አጥሚት ተግታ ትመጣለች። ጠንካራ ምግብ ከቀዶው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀድሞ፣ ቅባት የበዛበት ስምንት ሰዓት ቀድሞ ማቆም ነው፤ ንጹሕ ውሃና ወተት የሌለው ሻይ ለቀዶው ሁለት ሰዓት እስኪቀር ድረስ ይፈቀዳል። አጥሚትና አብሽ ቢጠጡም ምግብ ናቸው። ጠበል ቀምሰው መጥተው የሚደብቁኝም አሉ። በረከቱን አልነካም፤ ለጨጓራ ግን ያው ውሃ ነው። ስንት ሰዓት ላይ እንደጠጣች ብትነግረኝ ሰዓቱ እስኪደርስ አብረን እንጠብቃለን። አጥሚት ከሆነ ተራዋ ወደ ከሰዓት ይዞራል፣ አማቷ ኮሪደሩ ላይ ቢቆጡኝም።