የሜፕል ውሃ ወደ እሳት እስኪገባ ድረስ ሳይበላሽ ስለ መጠበቁ

በካናዳ ምሥራቅና በአሜሪካ ሰሜናዊ ምሥራቅ ሜፕል የሚባል ታላቅ ዛፍ አለ። ከወገኖቹም ሁሉ ይልቅ ጣፋጭ ውሃ የሚሰጠው ስኳር ሜፕል የተባለው ነው። የአገሩ ብርድ ሊያልፍ ሲቃረብ፥ ማለት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፥ ሌሊቱ በረዶ እየሠራ ቀኑም እየሞቀ ሲሄድ በግንዱ ውስጥ ያለው ውሃ ይንቀሳቀሳል። በዚያን ጊዜ ሠራተኞቹ ግንዱን በመሰርሰሪያ ጥቂት ይበሱና ትንሽ አሸንዳ ሰክተው ከበታቹ ባልዲ ያንጠለጥላሉ። ይህን ጥበብ አውሮፓውያን ወደዚያ ከመግባታቸው አስቀድሞ የአገሩ ጥንታውያን ነዋሪዎች ያውቁት ነበር፤ ውሃውንም ከዛፍ ቅርፊት በተሠራ ዕቃ ይቀበሉት ነበር።

የተቀዳው ውሃ ከምንጭ ውሃ አይለይም፤ ጣፋጭነቱም እምብዛም አይታወቅም፤ ከመቶው እጅ ሁለት እጅ ያህሉ ብቻ ስኳር ነውና። ስለዚህ ሽሮፕ የሚባለውን ማር መሰል ነገር አንድ ሊትር ለማግኘት 40 ሊትር ያህል ውሃ ማፍላት ያስፈልጋል። ውሃው ግን ጠብ ጠብ እያለ የሚሰበሰብ ስለ ሆነ፥ ለአንድ ጊዜ ማፍላት የሚበቃው እስኪጠራቀም ድረስ ማስቀመጥ ግድ ይሆናል። የብዙ ቀን ድካምና የብዙ ሸክም ማገዶ ከንቱ የሚቀረው በዚህ መቆያ ጊዜ ነው።

ውሃው በዛፉ ውስጥ ሳለ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። ከወጣ በኋላ ግን ከቀዳዳው፥ ከአሸንዳው፥ ከባልዲው፥ ከሰውም እጅ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይገቡበታል፤ ስኳሩንም ምግባቸው አድርገው ይበዛሉ። ጠጅ የጣለ ሰው በውሃ የተበጠበጠ ማር እንዴት እንደሚፈላ አይቷል፤ የሜፕሉም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ነገር ግን ጠጅ ጣዩ ያን መፍላት ሲጠባበቀው፥ የሜፕሉ ሠራተኛ ይፈራዋል። ተሐዋስያኑ ስኳሩን ስለሚከፋፍሉት ሽሮፑ ሲፈላ ይጠቁራል፥ ጣዕሙም ይከብዳል፤ ጥፋቱ የበረታ እንደ ሆነ ይኮመጥጣል፥ ወይም እንደ ተልባ ይዝለገለጋል።

አንዳንዶች «እሳቱ ሁሉን ያነጻዋል» ብለው ይዘናጋሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። እሳት ተሐዋስያኑን ይገድላል እንጂ እነርሱ አስቀድመው የበሉትን ስኳር አይመልስም፥ ያበላሹትንም ጣዕም አያድስም። ደግሞም ማፍላት ማለት ውሃውን በእንፋሎት ማስወጣት ስለ ሆነ፥ በእንፋሎት የማይወጣው ሁሉ በምጣዱ ይቀራል። 40 ሊትሩ አንድ ሊትር በሆነ ጊዜ፥ በ40ው ተበትኖ የነበረ መርዝ ቢኖር በአንዱ ይከማቻል።

ስለዚህ የዕቃው ምርጫ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ከቀድሞዎቹ ባልዲዎች ብዙዎቹ በእርሳስ የተበየዱ ነበሩ፤ ይህም የመጻፊያው እርሳስ ሳይሆን መርዛሙ ማዕድን ነው። ከብየዳው ወደ ውሃው ይገባል፤ ከሁሉም ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ከአያት የተወረሰ ባልዲ ቢያምርም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢቀር ይሻላል። የነፍሳት መግደያ መድኃኒት ወይም ዘይት የነበረበት በርሜልም ምን ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የሚገባው የማይዝግ ብረት፥ ወይም ለምግብ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ ነው።

ውሃው እንደ ተቀዳ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ ቅርፊትና ነፍሳትም እንዳይገቡበት ይከደናል። ከዚያም ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ ሳያልፍ ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ይቀመጣል፤ በረዶ ባለበት ጊዜ ዕቃውን በዙሪያው በበረዶ መቅበር ልማድ ነው። እንዲህም ተጠብቆ ከ7 ቀን በላይ ማቆየት አይገባም፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን የፈላው ይበልጣል፥ አየሩ የሞቀ እንደ ሆነ ግን በዚያው ቀን መፍላት አለበት። ሳይፈላ የቆየውን ውሃ መጠጣትም ለጤና አይበጅም።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አዲሱን ውሃ በአሮጌው ላይ መጨመር ነው። ከቡሖ ዕቃ ጥግ የቀረ ጥቂት እርሾ አዲሱን ሊጥ ሁሉ እንደሚያቦካ፥ በበርሜሉ ሥር የቀረው አሮጌ ውሃም አዲሱን ያበላሸዋል። ስለዚህ አስቀድሞ የተቀዳው አስቀድሞ ይፈላል፤ ዕቃውም ባዶ በሆነ ቁጥር በፍል ውሃ ታጥቦ ይደርቃል።

የደፈረሰ ውሃ መለወጥ እንደ ጀመረ ይታወቃል። ጥቂት የደፈረሰውን ሳይውል ሳያድር አፍልተው ጥቁር ሽሮፕ የሚያወጡበት አሉ፤ የሸተተው ወይም የተዝለገለገው ግን ይደፋል። በወራቱ መጨረሻ የዛፉ እንቡጥ ማበጥ ሲጀምር፥ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢቀመጥ የውሃው ጣዕም ራሱ ይከፋል። በዚያን ጊዜ ሠራተኞቹ አሸንዳውን ነቅለው ባልዲውን ያጥባሉ፤ ቀዳዳውንም ዛፉ በራሱ ጊዜ ይደፍነዋል።