የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

መቼም በአገራችን ለአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ማግኘት ብቻውን እንደ ትልቅ ድል ይቆጠራል። ይሁንና ክፍሉ ተከፍቶ ተማሪው ከተቀመጠ በኋላም ሌላ የተቆለፈ በር አለ። መምህሩ ፕሮግራሚንግ የሚያስተምርበትን ሶፍትዌር ልጫን ሲል ማሽኑ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል። የይለፍ ቃሉ ያለው በአይሲቲ ባለሙያው እጅ ነው፤ የባለሙያው መልስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ “አይቻልም” ነው። ተማሪውም ፕሮግራሙን ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጦ፣ አንድም ቀን ሲሠራ ሳያየው ለፈተና ይሸመድደዋል። ዋናን ያለ ውኃ ማስተማር ይሏል ይኼ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማፍራት መርሐ ግብር ይፋ ላደረገች አገር ነገሩ ቀላል አይደለም።

ባለሙያውን መውቀስ ግን መፍትሔ አይሆንም። ቫይረስ ቢገባ፣ ማሽን ቢበላሽ፣ የተሰረቀ ቅጂ ቢገኝ የሚጠየቀው እሱ ነው። “እሺ” ብሎ ለሚመጣው ጣጣ ይጠየቃል፤ “አይሆንም” ብሎ ለሚቀረው ትምህርት ግን ማንም አይጠይቀውም። እንግዲህ የመምህሩ ሥራ ይህን ሚዛን መለወጥ ነው።

አንደኛ፣ ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። የሶፍትዌሩ ስም፣ ከየት እንደሚወርድ፣ በስንት ማሽን ላይና ለየትኛው ክፍል እንደሚጫን ይዘርዘር። ፓይተንም ሆነ ስክራች ያለ ክፍያ በሕጋዊ መንገድ የሚገኙ ስለሆኑ የተሰረቀ ቅጂ ሥጋት አይኖርም።

ሁለተኛ፣ አነስተኛ ፈቃድ የሚጠይቀው ይመረጥ። በኢስቶኒያ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቶኒ የተባለ የጀማሪዎች ሶፍትዌር ፓይተንን በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ ሌላ ገደብ ከሌለም ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ሊጫን ይችላል። ተማሪው የሚጽፈው ፕሮግራም የሚሠራውም በራሱ በተማሪው የመጠቀሚያ ስም ሥልጣን ልክ ነው፤ ስሙ የተገደበ ከሆነ የማሽኑን ዋና ሥርዓት እንዳሻው ሊለውጥ አይችልም። ይህን ለባለሙያው ማስረዳት ግማሹን ሥጋት ያቃልላል።

ሦስተኛ፣ በሁለት ማሽኖች ላይ ለአንድ ወር ይሞከር፤ ችግር ከታየ ይነሣ። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ወደ ቀድሞ ይዞታው የሚመልሰው መከላከያ ካለበት የተማሪው ሥራ ስለሚጠፋ፣ የሚቀመጥበት ቦታ አስቀድሞ ይወሰን።

አራተኛ፣ ርዕሰ መምህሩ ይፈርም። ያኔ ኃላፊነቱ የባለሙያው ብቻ መሆኑ ይቀራል።

አንዳንዱ መምህር ትዕግሥቱ አልቆ የይለፍ ቃሉን በጓሮ በር ለማለፍ ይሞክር ይሆናል። አይመከርም! የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ሆነ ብሎ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ዓላማዬ ማስተማር ነበር ማለትም ፈቃድን አይተካም።

በሌላ በኩል ከልካዩም ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። “አይቻልም” የሚል ሁሉ ምክንያቱንና ምን ቢሟላ እንደሚቻል በጽሑፍ ይግለጽ። ምክንያት የሌለው ክልከላ ማሽኑን ከብልሽት ያድን ይሆናል፤ ማሽኑ የተገዛለትን ተማሪ ግን ባዶ እጁን ይሸኘዋል።