«ትናንት ከተሸከመ ዛሬም ይሸከማል»

ጨፋ ሮቢት፣ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስለ ድልድይ ተከራከርን። ከኮምቦልቻ ወርደው ወደ ከሚሴ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች በየደቂቃው ብርጭቆዎቻችንን ያንቀጠቅጣሉ። ተከራካሪዬ ከሃያ ዓመት በላይ መሪ የጨበጠ ሹፌር ነው፤ የባቲንና የሚሌን መንገድ እንደ ደጁ ያውቀዋል።

ነገሩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ወንዝ ላይ፣ የክብደት ገደብ ታፔላ የተተከለለት የብረት ድልድይ ከገደቡ እጥፍ በጫነ መኪና ሥር ጎብጦ አይቻለሁ። በኋላ ሲታይ ከታች ካሉት ተሸካሚ ብረቶች አንዱ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁም የዚያን ቀን የተፈጠረ አልነበረም፤ ግማሹ ከንፈር ዝጎ ጠቁሯል። ሰው አልሞተም። ነገር ግን ድልድዩ እስኪጠገን ከማዶ ያለው ሕዝብ ወፍጮም ጤና ጣቢያም ራቀው። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ውሃውን ስትሻገር ቆሜ ተመልክቻለሁ።

ሹፌሩ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ሳቀ። «ወንድሜ፣ የዚያ ሰውዬ ዕድል ነው። እኔ የማልፍበት ድልድይ ሳልወለድ የነበረ ነው። አባቴ በኤንትሬ አልፎበታል፣ እኔ በሲኖ ትራክ አልፍበታለሁ። የሚወድቅ ቢሆን እስካሁን ወድቆ ነበር።» በረንዳው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ልሞክር።

ተረት፦ ብዙ ዓመት የተሸከመ ድልድይ አሁንም ይሸከማል

በመጀመሪያ የሚገባውን እንስጠው። አባባሉ ከሜዳ አልተነሣም። በዚህ በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ የሚመላለስ ሰው የጣርማበርን ዋሻ ያልፋል፤ ጣሊያን በአምስት ዓመት ቆይታው የሠራው ነው፤ እስከ ዛሬም ያሳልፋል። በየአገሩ የድንጋይ ቅስት ድልድዮች ዕድሜያቸውን ቆጥረው አልጨረሱም። ሞጣ አጠገብ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይን ውሰዱ፤ ከፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ ቆሞ የኖረውን ድልድይ የሰበረው ዕድሜ ሳይሆን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር ያፈረሰው የሰው እጅ ነው።

የድንጋይ ቅስት እንዲህ የሚዘልቀው በምክንያት ነው። ጭነት ሲያርፍበት ድንጋዩ ከድንጋዩ ጋር ይጫጫናል። መጫን ደግሞ ድንጋይ የሚችለው ነገር ነው፤ የማይችለው መሳብ ነው። ስለዚህ ያለፈው ዕድሜው ስለ ወደፊቱ ጥቂት ነገር ይመሰክርለታል። ይህንኑ ምስክርነት አንሥተን ለብረት ድልድይ ስንሰጠው ግን ተሳሳትን።

ደግሞ «ጣሊያን የሠራው አይፈርስም» የሚሉ ወዳጆቼ አንድ ነገር ይረሳሉ። የምናደንቀው የቆሙትን ነው፤ የወደቁትንማ ውሃ ወስዷቸዋል፣ ማን ይቆጥራቸዋል? «የጣሊያን» ከምንላቸው ድልድዮችም ውስጥ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው አውራ ጎዳና ባለሥልጣን የሠራቸው አሉበት።

እውነታው፦ ብረት ይቆጥራል

ሽቦ መቁረጥ ፈልጋችሁ ጉጠት ብታጡ ምን ታደርጋላችሁ? ወዲያ ወዲህ ታጥፉታላችሁ። በመጀመሪያው አይበጠስም፣ በአሥረኛውም አይበጠስ ይሆናል፤ በሃያኛው ቀጭ ይላል። ሃያኛው ማጠፍ ከመጀመሪያው አልጠነከረም። ሽቦው ሲቆጥር ነበር።

መሐንዲሶች ይህን የብረት ድካም ይሉታል። በብረት ድልድይ ላይ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ተሸካሚው ብረት ለዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጥና ይመለሳል። በቀን 500 ከባድ መኪና የሚያልፍበት ድልድይ ቢኖር፣ በዓመት ከ182,000 ጊዜ በላይ ይለጠጣል፤ በ40 ዓመት ከ7 ሚሊዮን በላይ። ድካሙ የሚጀምረው ብረቱ ሰፊና ለስላሳ በሆነበት ቦታ አይደለም። ብየዳ ባረፈበት ጫፍ፣ ብሎን በገባበት ቀዳዳ ጠርዝ፣ ብረቱ በድንገት ቅርጹን በቀየረበት ጥግ ላይ ነው። እዚያ ፀጉር የማታክል ስንጥቅ ትወለዳለች። ለዓመታት በዝግታ ትሄዳለች። የብረቱ ቀሪ ሥጋ ጭነቱን መቻል ሲያቅተው ግን በአንድ ቅጽበት ትጨርሳለች።

ሹፌሩ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን በሌላ ስም ነው። ባሌስትራ! የመኪናው ባሌስትራ ለዓመታት 400 ኩንታል ተሸክሞ አንድ ቀን ባዶውን ሲመለስ በደህና መንገድ ላይ ይሰበራል። ሹፌር ሲሰበር ያየውን ባሌስትራ «ትናንት ተሸክሞ ነበር እኮ» ብሎ አይከራከረውም። «ደክሞ ነበር» ይላል። ድልድዩ ሲሆን ይህን ዕውቀት ለምን እቤቱ ትቶት እንደሚመጣ አይገባኝም።

ትርፍ ጭነት ላይ ስንደርስ ሒሳቡ ይከፋል። ለተበየደ ብረት የድካሙ ጉዳት ከጭነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በግምት ጫናው ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ እንደሚያድገው ነው የሚያድገው። ብረቱ ላይ የሚያርፈው ጫና እጥፍ ሲሆን አንድ ጉዞ እንደ ስምንት ጉዞ ይቆጠራል። ሃያ በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ ጉዳቱ በ70 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የጭነት ደላላው «ትንሽ ነገር ጫንበት» ሲል የሚያስጭነው ትንሽ ነገር ይህ ነው።

የአባት ኤንትሬና የልጅ ሲኖ ትራክም በክብደት አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካ ውስጥ በኦሃዮ ወንዝ ላይ ሲልቨር ብሪጅ የሚባል የብረት ድልድይ ሲከፈት፣ በመንገዱ የሚሄዱት እንደ ፎርድ ሞዴል ቲ ያሉ ቀላል መኪኖች ነበሩ። ድልድዩ ሳይለወጥ መኪኖቹ ከበዱ። 39 ዓመት ተሸከመ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1967፣ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ምሽት፣ ሙሉ በሙሉ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ 46 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ከውሃው ያወጡት ብረት ላይ መነሻው ስንጥቅ ጥልቀቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን በፊት በድልድዩ ያለፈ ሰው ቢጠየቅ፣ ሹፌሩ የነገረኝን ቃል በቃል ይመልስ ነበር።

«እሱ ድሮ ነው» ለሚለኝ ሌላ አለኝ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ሜምፊስ ከተማ አጠገብ ሚሲሲፒን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ አንድ መርማሪ ዋናውን ተሸካሚ ብረት ሊበጥስ የተቃረበ ስንጥቅ አገኘ። ወዲያው ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ ደውሎ መንገዱን አዘጋ። ድልድዩ ለሦስት ወር ገደማ ተዘግቶ ተጠገነ፤ ሰው አልሞተም። በኋላ ግን አሮጌ ፎቶዎች ሲፈተሹ ያ ስንጥቅ እ.ኤ.አ. በ2016 በተነሣ ፎቶ ላይ ታየ። ለዓመታት፣ በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች በተሰነጠቀ ብረት ላይ አልፈዋል፤ እያንዳንዱም ሹፌር በሰላም ስለተሻገረ ድልድዩ ደህና መስሎታል። በሰላም መሻገር የሚያሳየው ድልድዩ የዛሬውን መቻሉን ብቻ ነው። ስለ ነገ አይናገርም።

ስንጥቅ የታየበት ድልድይ የቱን ያህል ቀን እንደቀረው ቆርጦ የሚናገር መሐንዲስም የለም። አንዳንዱ ድልድይ ተሸካሚ ብረቶቹ ብዙ ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ይከፋፈሉለታል። አንዳንዱ በሁለት ብረት ብቻ የቆመ ነው፤ አንዱ ከሄደ የሚቀበለው የለም። ከላይ በመኪና የሚያልፍ ሰው የትኛው ላይ እንዳለ አያውቅም። ታፔላው የሚተከለው ለዚህ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሹፌሩን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። ጭነቱን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ባለንብረቱና ደላላው ነው። ታፔላው ወድቆ ወይም ቁጥሩ ጠፍቶ የቆየበት ቦታም አይቻለሁ፤ ያ የመንገድ ጠባቂው ዕዳ ነው። ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ሌላው ወገን ነው፦ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ አንድም ቀን ከድልድይ ሥር ጎንበስ ብሎ ሳያይ፣ «ምንም አይሆንም፣ እለፍ» የሚለው። እሱ አይሻገርበትማ።

የቀሩትን ባጭሩ

*ተረት፦ ስንጥቅ ቢገኝ በያጅ ጠርተን እንዘጋዋለን።* ሻንሲ ሲሰነጠቅ ጋራዥ የሚደረገው ይኸው ስለሆነ ሰው ቢያምነው አልፈርድበትም። ያለ ጥናት የተደረገ ብየዳ ግን ብረቱን በሙቀት ያስጨንቀዋል፤ አዲስ የስንጥቅ መነሻም ይፈጥራል። የቆየ ብረት ደግሞ ሁሉም ብየዳ አይቀበልም። የሙያው ሰዎች የሚያደርጉት የሚገርም ነው፦ ስንጥቁ የደረሰበት ጫፍ ላይ ክብ ቀዳዳ ይበሳሉ። የሾለው ጫፍ ክብ ሲሆን ጫናው ይበተናል፣ ስንጥቁም መንገድ ያጣል። ከዚያ በኋላ ነው በወፍራም ላሜራና በብሎን የሚደግፉት።

*ተረት፦ ቀለም የተቀባ ድልድይ ጤነኛ ነው።* ቀለም ዝገትን ይከላከላል፤ ስንጥቅን ግን ይሸፍናል። እንዲያውም አዋቂ መርማሪ ስንጥቅን የሚያገኘው ቀለሙ በቀጭን መስመር ተሰንጥቆ ዝገት ሲያነባ ነው።

*ተረት፦ ድልድዩ ከተንቀጠቀጠ ሊወድቅ ነው።* ብረት ይተጣጠፋል፤ የተሠራውም እንዲተጣጠፍ ነው። የሚያሳስበው መንቀጥቀጡ ከበፊቱ ሲለወጥ፣ አዲስ ድምፅ ሲሰማ ወይም አንድ ወገን ዝቅ ሲል ነው።

*ተረት፦ ድልድዩ ጫፍ ላይ ያለው ክፍተት ስንጥቅ ነው፣ ይደፈን።* አትድፈኑት! ብረት በሙቀት ይረዝማል። 50 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ድልድይ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ይረዝማል ወይም ያጥራል። ክፍተቱ መተንፈሻው ነው። ድንጋይና ሲሚንቶ ስትወትፉበት የሚሄድበት ያጣና ራሱን ይጎዳል።

*ተረት፦ አንድ ብሎን ቢፈታ ምን አለበት?* ቁራሌ ጥቂት ብር የሚከፍልበት ብሎን በድልድዩ ላይ ቦታ አለው። እሱ ሲጎድል ጭነቱ ጎረቤቱ ላይ ያርፋል፤ ጎረቤቱም ከበፊቱ አብዝቶ ይቆጥራል። ድልድይ የሚፈታ ሰው ብረት የሰረቀ እንዳይመስለው፤ የሰረቀው የሰው ሕይወት ነው።

*ተረት፦ በድልድይ ላይ የሚደርሰው አደጋ ሁሉ በስንጥቅ ነው።* ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ላይ ወደ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ጥፋቱ የድልድዩ አልነበረም፤ ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ስለገባ ነው። በዓለም ላይ ደግሞ ብዙ ድልድይ የሚጥለው ጎርፍ ነው፦ ውሃው ከሥር መሠረቱን ቦርቡሮ ያወጣዋል። ቦርከና በክረምት የጨፋን ሜዳ ሲያጥለቀልቅ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ውሃው ሲጎድል ምሰሶው ሥር ጉድጓድ መኖሩን ማየት ከስንጥቅ ፍለጋ አያንስም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ድልድይ መመርመር የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ዓይን ግን የሁላችንም ነው። አሜሪካኖች ከሲልቨር ብሪጅ በኋላ ድልድዮቻቸው በመደበኛነት፣ በአብዛኛው በየሁለት ዓመቱ እንዲፈተሹ በሕግ ደነገጉ፤ ለዚያ ግን 46 ሰው ከፍለዋል። እኛ እስክንከፍል መጠበቅ የለብንም። ከብት ይዞ ከድልድይ ሥር የሚውል እረኛ፣ ልብስ የምታጥብ እናት፣ አሸዋ የሚያወጣ ወጣት ከማንም በፊት ያያሉ። ከብረት መጋጠሚያ የሚወርድ ቀጭን የዝገት መስመር፣ የጎደለ ብሎን፣ የተጣመመ ብረት ስታዩ በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ለቀበሌው ወይም ቅርብ ላለው የመንገዶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አሳዩ። ቀኑንም ጻፉበት፤ ሜምፊስ ላይ እውነቱን ያወጣው የቆየ ፎቶ ነው።

ለአንተ ደግሞ፣ ለጨፋ ሮቢቱ ወዳጄ፦ ሌሊት ከመነሣትህ በፊት ባትሪ ይዘህ ከመኪናህ ሥር ገብተህ ባሌስትራህን እንደምታይ አውቃለሁ፤ ረዳትህን አምነህ እንኳ አትተወውም። ድልድዩን ግን ጎንበስ ብለህ ልታየው አትችልም። አይቶልህ ቁጥሩን የጻፈልህ ሰው አለ፤ ታፔላውን እመነው።