የልጅ ኦቲዝም በወላጆች አስተያየት፤ ልክፍት፣ እርግማንና ሕክምና

ኦቲዝም የሚባለው ሁኔታ ሕፃኑ ከሌሎች ጋር የሚግባባበትንና የሚነጋገርበትን መንገድ የሚለውጥ፤ አንድን ነገር በመደጋገምና ከለመዱት ሥርዓት ባለመውጣት የሚታወቅ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ሐኪሙ ሌዎ ካነር በ1943 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የ11 ሕፃናትን ጠባይ ከገለጸ ወዲህ በሕክምና ዓለም የራሱን ስም አግኝቷል። በአገራችን ግን ስሙ ከመሰማቱ አስቀድሞ ነገሩ በየቤቱ ነበረ፤ ወላጆችም ምክንያት ሳይሰጡት አልቀሩም። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ያ ምክንያት ለወላጅ ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ መመርመር ነው።

በ2016 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በሁለት የሕክምና ስፍራዎች የዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። የልጁ ችግር ከመንፈስ ወይም ከኃጢአት መጣ የሚሉ እንዳሉ ሁሉ፤ የወሊድ ችግርን ወይም የራስ ጉዳትን የሚጠቅሱም ተገኝተዋል። ሁለቱን ባንድነት መያዝም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ማለዳ ልጇን ጠበል ያስጠመቀች እናት ከቀትር በኋላ በሐኪም ደጅ ተራ ትጠብቃለች።

ልክፍት የሚለው ማብራሪያ ከሚታየው ነገር ጋር የሚስማማበት ምክንያት አለው። ከእነዚህ ሕፃናት አንዳንዶቹ በሁለተኛው ዓመታቸው ገደማ የጀመሩትን ቃል ይተዋሉ፤ ሲጠሯቸውም አይዞሩም። ትናንት «እማ» ይል የነበረ ልጅ ዛሬ ዝም ሲል ወላጅ በመካከል የሆነውን ይፈልጋል፤ ልጁን ያደነቀውን እንግዳ ወይም በቀትር ያለፉበትን ወንዝ ያስታውሳል። እንግዲህ ቡዳ በላው፣ ዓይነ ጥላ ተጠናወተው ይባላል፤ በሙስሊሞች ዘንድም ጂን ነካው ተብሎ ቁርኣን ይቀራበታል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1937 ዓ.ም. ስለ አዛንዴ ሕዝብ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፤ ጎተራ ሰው ላይ ሲወድቅ ምሰሶውን ምስጥ እንደበላው ሁሉም ያውቃል፤ የሚጠየቀው ግን ስለ ምን በዚያ ሰው ላይ በዚያች ሰዓት እንደ ወደቀ ነው። የወላጅም ጥያቄ «ስለ ምን የኔ ልጅ?» የሚል ነውና የሐኪሙ መልስ ብቻውን አያሳርፈውም።

ከዚህም በቀር ማብራሪያ ሁሉ በደለኛውን ያመለክታል። እርግማን ወይም ኃጢአት ሲባል በደሉ በእናት ላይ ያርፋል፤ ቡዳ ሲባል እናቲቱ ነጻ ትወጣለች፤ ነገር ግን ክሱ በጎረቤት፣ በተለይም ከጥንት ጀምሮ በዚህ ስም ሲነቀፉ በኖሩት በቀጥቃጩና በሸክላ ሠሪዋ ላይ ይዞራል። ይህም የባህላችን ጠባይ ብቻ አይደለም። ብሩኖ ቤትልሃይም በ1967 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በሳይንስ ስም ምክንያቱን በወላጆች፣ ይልቁንም በእናት፣ ልብ መቀዝቀዝ ላይ አድርጎ ነበር። በ1977 ዓ.ም. መንትዮችን የመረመረ ጥናት የዘር ውርስ ድርሻ እንዳለው ሲያሳይ ያ ክስ መሠረቱ ተናጋ፤ ዛሬም የተተወ ዐሳብ ነው።

ስለዚህ አንድ እምነት በቤት ውስጥ የሚመዘነው በሚያስከትለው ሥራ ነው። ልጅን ከእንግዳ ዓይን መሰወር፣ ማሰርና ከትምህርት ማስቀረት ከእርግማን ፍርሃት ሊመጣ ይችላል፤ በሌላ ወገን ግን በጠበል ስፍራ እናት ብቻዋን አይደለችም፤ ልጇም በዚያ እንግዳ ፍጥረት አይባልም። ሁለቱ መንገዶች ሊታረቁ እንደሚችሉ ምሳሌ አለን፤ በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም ባንድነት እንዲወስዱ አስታውቀው ነበር። ለኦቲዝም የሚያድን መድኃኒት ባይኖርም ማስተማሪያ ዘዴ አለ፤ ራሳቸው የእንዲህ ያለ ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ይህንኑ ያስረዳል።

እንግዲህ ወላጅን በድንቁርና ከመንቀፍ በፊት «እርስዎስ ከምን የመጣ ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ የልጁን ሕመም ባይገልጽ እንኳ የቤተሰቡን ፍርሃት ይገልጻል፤ ልጁም ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ጓዳ የሚሄደው በዚያ ፍርሃት ልክ ነው።