አሻራው የማን ነው?

ጫጫ ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ ቤትዎ ተሰብሮ አገኙት እንበል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትጠረጠረው የቤት ሠራተኛዋ ናት። አሻራዋ ቁም ሣጥኑ ላይ ቢገኝስ? በየቀኑ የምትወለውለው እሷው አይደለችም እንዴ! አሻራ ማን እንደነካ እንጂ መቼና ለምን እንደነካ አይናገርም።

ባለሙያም ይሳሳታል። በ1996 ዓ.ም. የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ብራንደን ሜይፊልድ የተባለ ጠበቃን አሻራው ከማድሪዱ የባቡር ፍንዳታ ማስረጃ ጋር ተመሳስሏል ብሎ ለሁለት ሳምንት ያህል አሳሰረው፤ አሻራው ግን የሌላ ሰው ነበር።

ስለዚህ ፖሊስ እስኪደርስ ምንም አይንኩ፤ የተሰበረውን መስታወትም አይጥረጉ። ሠራተኛዋ ከተያዘች፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንድትቀርብ ያዝዛል። ወላጆቿ ገጠር ከሆኑስ፣ የት እንዳለች ማን ይንገራቸው? ስልካቸው ያለው እርስዎ ጋ ነው።