«ዑደት» የሚለው ስያሜና የትንሹ አቃቂ ውኃ

«የውኃ ዑደት» የሚለው ስያሜ በትምህርት መጻሕፍት ከሰፈነ ቈይቷል። ቃሉ «ዖደ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ «ዐውድ» እና «ዐውደ ዓመት» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ግን ዑደት ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ታቦት ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ወደ መንበሩ መመለሱ ነው፤ መንገዱ አንድ ነው፣ መነሻውና መድረሻውም አንድ ነው። ስያሜውን አንነቅፍም፤ ፍቺው ላይ የሚታየው ስሕተት ግን በከፊል ከዚህ የመነጨ ይመስለናል።

ከውጭ ቋንቋ የተመለሰው የተለመደ ፍቺ፣ ውኃ ከባሕር ተንኖ፣ ደመና ሆኖ፣ በዝናም ወርዶ፣ በወንዝ ወደ ባሕር ይመለሳል ይላል። በምድር ካለው ውኃ 97 ከመቶ ያህሉ በውቅያኖስ ስለሚገኝ ይህ በዓለም ደረጃ ሲታይ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በመካኒሳ በኩል የሚያልፈውን ትንሹን አቃቂ እንከተል። ውኃው ወደ ደቡብ ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ከምንጩ አንሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ በጅቡቲ ወሰን አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ከፊሉማ በወንጂና በመተሐራ ሸንኮራ አገዳ ቅጠል በኩል አስቀድሞ ወደ አየር ወጥቷል። አቤ ሐይቅ መፍሰሻ የለውም፤ ውኃው ሽቅብ ይተናል፣ ጨዉ ይቀራል። የመካኒሳ ተማሪ የተለመደውን ፍቺ በቃሉ ቢያጠና ስለ ገዛ ወንዙ ሐሰት ተማረ ማለት ነው።

ሌላው ችግር የማይታየው የጕዞ ክፍል ነው። ዐይን ለሚያየው ጉም፣ ጤዛ፣ ካፊያ፣ ዶፍና ጎርፍ ቋንቋችን ባለጸጋ ነው። ውኃ ወደ ከርሰ ምድር ለመውረዱ ግን አንዳንድ ተርጓሚዎች «መምጠጥ» ይላሉ፤ ሌሎች «ስርገት»ን ይመርጣሉ። ሁለተኛውን የሚሸሹት «ሰርጎ ገብ» የሚለውን የጦርነት ዘመን ቃል ስለሚያስታውስ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የተሻለው እርሱ ነው። የመጠጠ ነገር እንደ ጨርቅ ውኃውን በራሱ ይዞ ያስቀራል፤ የሰረገ ውኃ ግን አልፎ ይወርዳል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ በስተ ደቡብ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚቀዳ ነው። አስፋልትና ጣሪያ በሸፈነው መሬት ላይ የክረምቱ ዝናም ጎርፍ ሆኖ ያልፋል፤ ባልተሸፈነው ላይ ከፊሉ ይሰርጋል። በትንሹ አቃቂ የሚወርደው የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽም አብሮ ሊሰርግ ይችላል። «አፈሩ ፍሳሹን መጠጠው» ብሎ የተረጐመ ሰው ጉዳዩ እዚያው ያበቃ አስመሰለ።

በመሆኑም ለመዝገበ ቃላት የሚከተለውን ፍቺ እናቀርባለን፦

የውኃ ዑደት፦ ውኃ በፀሐይ ሙቀት ከባሕር፣ ከሐይቅ፣ ከአፈርና ከዕፀዋት ተንኖ፣ በከባቢ አየር ቀዝቅዞ፣ በዝናም ወይም በበረዶ መልክ ከወረደ በኋላ፣ ከፊሉ በገጸ ምድር እየፈሰሰ፣ ከፊሉ ወደ ከርሰ ምድር እየሰረገ፣ በልዩ ልዩ መንገድና ጊዜ ወደ ከባቢ አየር የሚመለስበት ያልተቋረጠ ሂደት።

ባሕር ከመነሻዎቹ እንደ አንዱ እንጂ እንደ መድረሻ አለመጠቀሱን አንባቢ ልብ ይሏል።